ፖስተሩ ላይ ያለው ስም

በ1969 ዘ ዞምቢስ የተባለ ባንድ አሜሪካን ከከተማ ከተማ እየዞረ ይጫወት ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እውነተኞቹ ዞምቢስ ግን እንግሊዛውያን ናቸው፤ በ1967 ማብቂያ ተበትነው ሁሉም ወደየራሱ ሥራ ሄዷል። ጣጣውን ያመጣው ከመበተናቸው በፊት ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገብተው የቀዱት አልበም ነው። «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» የተባለው ዘፈን ዘግይቶ አሜሪካ ላይ ፈነዳና በ1969 መጀመሪያ ወራት ቢልቦርድ በተባለው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ሦስተኛ ደረጃ ያዘ። አድማጩ ባንዱን በአካል ማየት አማረው፤ ባንዱ የለም። ሚሺጋን ያለ አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ይህን አየና «ዞምቢስ» ብሎ የራሱን ሰዎች መድረክ ላይ አወጣ።

ከእነዚያ መካከል ከቴክሳስ የተመለመሉ አራት ወጣቶች ነበሩ። ቤዝ የያዘው ደስቲ ሂል፣ ድራም ላይ የተቀመጠው ፍራንክ ቢርድ ነው። ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ዚዚ ቶፕ ውስጥ ገብተው ዝናቸው በዓለም ናኘ። ቡድኑ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው አልነበረም፤ የዘፈኑ ነፍስ ያለችው ግን የእውነተኞቹ ዞምቢስ አባል በሆነው በሮድ አርጀንት ኦርጋን ላይ ነበር።

ይህን ታሪክ ካወቅሁ ጀምሮ የሚከነክነኝ ማጭበርበሩ አይደለም፤ ያማ ግልጽ ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዛሬ መሥራች አባል አንድ ስንኳ የሌለባቸው የስድሳዎቹ ሳይኬደሊክ ሮክ (ሕልም የመሰለ፣ በረጅም ሶሎ የሚንሳፈፍ ሮክ) ባንዶች በአደባባይ ይዞራሉ፣ ትኬት ይሸጣሉ፣ ማንም ሌባ አይላቸውም። አንዳንዶቹም በእርግጥ ድንቅ ናቸው። ታዲያ የቴክሳሶቹን ልጆች ከእነሱ የሚለያቸው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ስንት መሥራች ቀርቷል?» ብሎ ይቆጥራል። እኔ ቆጠራው ብዙም አይነግረንም ባይ ነኝ።

ዘፈኑ ክፍት ነው፣ ስሙ ዝግ

መድረክ ላይ የሌላ ሰው ዘፈን ለመጫወት ደራሲውን ደጅ መጥናት አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ አዳራሹ ወይም ክለቡ አስካፕና ቢኤምአይን ለመሳሰሉት የደራሲያን ድርጅቶች ጥቅል ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ የፈለገውን ይጫወታል። ስለዚህ የቴክሳሶቹ ልጆች ዘፈኑን መጫወታቸው ጥፋት አልነበረም። የተሰረቀው ስሙ ብቻ ነው።

ገንዘቡም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ከጥቅል ክፍያው የሚደርሰው ግጥምና ዜማ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ነው። አሜሪካ ደግሞ ከሌላው ዓለም የምትለይበት ነገር አላት፦ መደበኛው ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲው ይከፍላል፣ ድምፁ ለተቀዳው ተጫዋች ግን ሳንቲም አይከፍልም። ስሙ ከደራሲያን ዝርዝር ውስጥ የሌለ ድራመር ዘፈኑ ለሃምሳ ዓመት በሬዲዮ ቢሰማ ከዚያ የሚያገኘው የለም። ሰማንያ ዓመቱን የያዘ ሰው አውቶቡስ ላይ አድሮ በማግስቱ ከበሮ ሲመታ ስናይ «ሙዚቃ ፍቅሩ አልወጣለት ብሎ ነው» እንላለን። ፍቅሩም ይኖራል። የቤት ኪራዩም ይኖራል። ለእንዲህ ያለው ሰው የቀረው ሀብት መድረኩና በመድረኩ ላይ የሚጠራበት ስም ነው፤ ጠቡም የሚብሰው ለዚህ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የጠቡን መጨረሻ የሚወስነው ውሉ ነው። ጀፈርሰን ኤርፕሌን የተባለው ባንድ በ1965 ሳን ፍራንሲስኮ ተመሠረተ፤ ከውስጡ በ1974 ጀፈርሰን ስታርሺፕ ወጣ። በ1984 መሥራቹ ፖል ካንትነር ጥሎ ሲወጣ ስሙን ይዛችሁ አትሄዱም ብሎ ተከራከረ። በተከታዩ ዓመት ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ «ጀፈርሰን» የሚለው ቃል ተቆርጦ ቀረና የቀሩት ስታርሺፕ ብቻ ተባሉ። ኋላ ካንትነር ራሱ ጀፈርሰን ስታርሺፕን መልሶ አቆመ። በጥር 2016 ሲሞት ባንዱ አልቆመም፤ ከ1974ቱ መሥራቾች አንዱ የሆነውን ዴቪድ ፍሪበርግን ይዞ ቀጠለ። በ2017 የቀድሞው ጊታሪስት ክሬግ ቻኪኮ ከሰሰ። ክርክሩ ቀልብ ይስባል፦ ስሙን የመጠቀም ፈቃድ የተሰጠው ለካንትነር ለግለሰቡ ነው፣ ሰውየው ሲሞት ፈቃዱም አብሮ ሞቷል የሚል ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው አባባል ፍርድ ቤት ሲገባ እንዲህ ይጠመዘዛል።

ዶርስ የተባለው ባንድ ጋ ደግሞ ውሉ የተገላቢጦሽ ሠራ። አራቱ አባላት ከጅምሩ ገቢውን እኩል ለመካፈልና አንዱ እንቢ ካለ ነገሩ እንዲቀር ተስማምተው ነበር። ድምፃዊው ጂም ሞሪሰን በ1971 ሞተ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ሬይ ማንዛሬክና ሮቢ ክሪገር ኢያን አስትበሪ የተባለውን ድምፃዊ ይዘው «የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ዶርስ» ብለው ተነሡ። ድራመሩ ጆን ዴንስሞር እንቢ አለ፤ በ2005 ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ ስሙንም ቀየሩ። ልብ ይሏል፣ እዚህ ላይ መሥራቾቹ ሁለት ናቸው፣ ያውም ኦርጋኑና ጊታሩ፣ ማለት የዶርስ ድምፅ ሲሶው ሳይሆን አብዛኛው። በቆጠራ ቢሆን ኖሮ ያሸንፉ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ከሠላሳ በላይ ግዛቶች «እውነት በሙዚቃ» የሚባል ሕግ አውጥተዋል። ባንዱ በስሙ ለመቅረብ ዘፈኑን ከቀዳው ቡድን ቢያንስ አንድ ሰው፣ ያውም የስሙ መብት ያለው፣ ሊኖርበት ይገባል፤ አለዚያ መታሰቢያ መሆኑን በግልጽ መጻፍ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን የተመዘገበ የንግድ ምልክት ባለቤት ነጻ ነው። ምልክቱን የያዘ አካል ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሰው ሳይኖር በሕግ ፊት «ባንዱ ራሱ» ነው።

ግማሽ ቶን ሲወርድ

ወረቀቱን እዚህ ላይ እንተወውና ድምፁ ላይ ምን እንደሚሆን እንይ።

መጀመሪያ የሚሄደው የድምፃዊው ከፍታ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ የቀዳውን ዘፈን በሰባ አምስቱ በዚያው ቶን (የድምፅ ከፍታ) መዝፈን የሚችል ጥቂት ነው። የተለመደው መፍትሔ ዘፈኑን በግማሽ ወይም በአንድ ቶን ማውረድ ነው። ጊታሪስቱ ጣቱን ሳይቀይር ሁሉንም ክሮች በግማሽ ቶን ያላላቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን ባዶ ክር የሚጮህባቸው የሮክ አኮርዶች እንዳሉ ይቆያሉ። ክሩ ሲላላ ግን ይልፈሰፈሳል፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ቃናው ይዛባል፤ ስለዚህ አሥር ቁጥር ክር ይጠቀም የነበረ ወደ አሥራ አንድ ይወፍራል። ከአንድ ቶን በላይ ከወረደ ቤዙ ጭቃ ይሆናል፤ ያኔ ማላላቱን ትቶ በሌላ ቶን አዲስ አጨዋወት መማር ይሻላል። ኪቦርዱ ዲጂታል ከሆነ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። እውነተኛ ሃሞንድ ኦርጋን ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም፤ ተጫዋቹ ሶሎውን በአዲሱ ቶን እንደ አዲስ ጣቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ሃሞንዱ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ቢ ስሪ የሚባለው ሞዴል ከእግር ፔዳሉና ከወንበሩ ጋር ወደ 190 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚያ ላይ የሌስሊ ድምፅ ማጉያ ሳጥኑ አለ። ውስጡ ያሉትን ድምፅ የሚያመነጩ የብረት ጎማዎች የሚያዞረው ሞተር ደግሞ የመብራቱን ድግግሞሽ ተከትሎ ነው የሚሽከረከረው። የአሜሪካው በ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የአውሮፓው መብራት 50 ነው። የአሜሪካን ኦርጋን ቮልቴጁን ብቻ አስተካክሎ በርሊን ላይ ያበራ ሰው ከሦስት ግማሽ ቶን በላይ የወረደ ኦርጋን ያገኛል፤ የድግግሞሽ መቀየሪያ ግድ ይላል። ለዚህ ነው ዛሬ አብዛኛው ባንድ ከሃያ ኪሎ በታች የሆነ ዲጂታል ምትክ ይዞ የሚዞረው። ምትኩ መጥፎ አይደለም። ምትክነቱ የሚታወቀው በሌስሊው ውስጥ የሚሽከረከረው መለከት ከቀስታ ወደ ፍጥነት በሚሸጋገርበት ቦታ ነው፤ እውነተኛው ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ድምፁ ያቃስታል። ምትኩ ላይ የሽግግሩን ፍጥነት ሳያስተካክሉ ከተጫወቱበት ማቃሰቷ ትጠፋለች።

ጊታሩ ላይ ደግሞ ፈዝ የሚባለው የድምፅ ማጎርበጫ ፔዳል አለ። የስድሳዎቹ ፈዞች ጀርማኒየም ትራንዚስተር ነበራቸው፤ ጀርማኒየም ሙቀት አይወድም። በሐምሌ ቀትር ሜዳ ላይ በሚደረግ ፌስቲቫል ፔዳሉ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ድምፁ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይሞታል። ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም የሲሊከን ፈዝ መያዝ ነው። ሌላም አለ፦ የድሮው ፈዝ በቀጥታ ከጊታሩ ጋር መገናኘት ይፈልጋል። ጊታሪስቱ ገመድ አልባ መሣሪያ በመካከል ካስገባ፣ የጊታሩን ድምፅ ቀነስ ሲያደርግ ይመጣ የነበረው ጥርት ያለ ቃና አይመጣም። «ወጣቱ ጊታሪስት እንደ መሥራቹ አይጫወትም» ተብሎ የሚታማው አንዳንዴ በዚህች ገመድ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዕቃ ስለምወድ ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)። አብዛኛው ነገር ሊማሩት የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ነው። መልክ ስጠኝ፣ ሙያ ከጎረቤት እማራለሁ ይባል የለ? እዚህ መልኩ ስሙ ነው። ሙያውንማ የተማሩ ሞልተዋል። ግሬትፉል ዴድ የተባሉት ባንድ የጊታሪስታቸውን የጄሪ ጋርሲያን ሞት ተከትለው በ1995 ስማቸውን ጡረታ አወጡ። በ1997 ቺካጎ ላይ ዳርክ ስታር ኦርኬስትራ የተባለ ቡድን ተነሣ፤ ዴድ በአንድ የተወሰነ ምሽት የተጫወቱትን ዝርዝር ወስዶ፣ መድረኩንም እንደዚያ ዘመን አደራደር አሰናድቶ ያንን ምሽት እንደ አዲስ ይጫወታል። መታሰቢያ ነኝ ይላል እንጂ ዴድ ነኝ አይልም። ከዚህ ቡድን መሥራቾች አንዱ ጆን ካድለሲክ የጋርሲያን አጨዋወት እንዲህ አድርጎ ስለያዘው በ2009 የዴድ አባላት የነበሩት ቦብ ዊርና ፊል ሌሽ ፈርዘር ብለው ባንድ ሲያቋቁሙ የጠሩት እሱን ነው። ያልነበረው ሰው ከነበሩት ጎን ቆመ።

ጆሮ ውስጥ ያለው ክሊክ

እንግዲህ ባንድን የሚገድለው ሞት ካልሆነ ምንድን ነው? የኔ ተጠርጣሪ ድራመሩ ጆሮ ውስጥ የሚመታው ክሊክ፣ ፍጥነት የሚያስጠብቀው የምት ድምፅ፣ ነው።

በስድሳዎቹ የመድረኩ ብርሃን በእጅ የሚሠራ ነበር። የትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ላይ ጎድጓዳ የሰዓት መስታወት ይቀመጣል፣ ቀለም የገባበት ውሃና ቀለም የገባበት ዘይት ይፈስበታል፤ ሁለቱ አይዋሃዱም። ሁለተኛ መስታወት ከላይ ጫን ለቀቅ ሲደረግ ቀለሙ ግድግዳው ላይ ይተነፍሳል። ኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት ላይ የጆሹዋ ላይት ሾው ሰዎች እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ሙዚቃው ሲያዘግም እጃቸው ያዘግማል፤ ጊታሪስቱ ሶሎውን አምስት ደቂቃ ቢያራዝመው እነሱም አብረው ይቆያሉ።

ዛሬ በስተኋላ ግዙፍ ስክሪን አለ፣ ቪዲዮውም አስቀድሞ የተቀናበረ ነው። ቪዲዮው ከሙዚቃው ጋር እንዲገጥም ኮምፒውተሩ ለድራመሩ ክሊክ ይልካል፤ ፍጥነቱ አይለወጥም፣ ርዝመቱም አይለወጥም። በዚያው መስመር የጎደለው ዝማሬ ወይም ሁለተኛው ኪቦርድ ከተቀዳ ድምፅ ይጨመራል። ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ ይህ ቅር አያሰኝም። ሳይኬደሊክ ሮክ ግን የተወለደው ዘፈኑ ወዴት እንደሚሄድ ተጫዋቹም ሳያውቅ መንገድ ሲጀምር ነው። ሦስት መሥራቾች በክሊክ ታስረው በየምሽቱ አንዱን ሶሎ በአንድ ቦታ ቢጫወቱ፣ ባንዱ አለ የሚያሰኝ ምን ነገር ይቀራል?

የዳቪድ አለን ውሳኔ

ጎንግ የተባለውን ባንድ ሳስብ ነው ነገሩ የሚገለጥልኝ። ባንዱን በ1967 ፓሪስ ላይ የጀመረው አውስትራሊያዊው ዳቪድ አለን ነው፤ ያኔ እንግሊዝ እንዳይገባ ተከልክሎ ከቀድሞ ባንዱ ከሶፍት ማሽን ጋር መቀጠል አልቻለም ነበር። በ1975 አለን ራሱ ጎንግን ጥሎ ወጣ። ባንዱ ያለ እሱ ቀጠለና በድራመሩ በፒየር ሞርለን እጅ ወደ ጃዝ ሮክ ዞረ፤ ኋላም ስሙ ፒየር ሞርለንስ ጎንግ ሆነ። ማዘር ጎንግ፣ ፕላኔት ጎንግ፣ ኒው ዮርክ ጎንግ የሚባሉም ነበሩ። ሌላው መሥራች በጠበቃ የሚጠብቀውን ስም አለን ለመጣው ሁሉ የሚዘራው ይመስል ነበር።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ካንሰር ነበር፤ በ2015 መጀመሪያ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና እንደማይፈልግና የቀረው ጊዜ ጥቂት ወራት መሆኑን ለአድማጮቹ በግልጽ አሳወቀ። በመጋቢት ወር በሰባ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግን ባንዱ እንዲቀጥልና ካቩስ ቶራቢ እንዲመራው ጠየቀ። ቶራቢ ቴህራን የተወለደ የእንግሊዝ ጊታሪስት ነው፤ ጎንግ ሲመሠረት ገና አልተወለደም።

እዚህች ውሳኔ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አለን ልጁን አልሾመም፤ ድምፁን የሚመስል ድምፃዊም አላፈላለገም። በሕይወት ሳለ አብሮት የተጫወተን፣ የራሱ ሙዚቃ ያለውን ሰው መረጠ። የሰጠውም አዛውንቱን እያስመሰልክ ዝፈን የሚል አደራ አይደለም፣ አዲስ ነገር ጻፉ የሚል ነው። ባንዱ በ2016 ያወጣው አልበም ርዕስ «ደስ ይበላችሁ፣ ሞቻለሁ» እንደማለት ነው። ከዚያ በ2019 እና በ2023 ሌሎች ተከተሉ። የተላለፈው አሠራሩ ነው፤ ለምሳሌ ግሊሳንዶ ጊታር የሚባለው የአለን ዘዴ። ጊታሩ በመግረፊያ አይመታም፤ ለስላሳ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ በቀስታ ይታሻል፣ ድምፁም በረጅም ኢኮ ውስጥ ያልፋል። ዘንጉ ከበድ ካለ ይንጫረራል፣ ከቀለለ አይሰማም። ብራዚላዊው ፋቢዮ ጎልፌቲ ዛሬም ያንን ይሠራል፣ በአለን ዜማ ላይ ሳይሆን በራሳቸው ዘፈን ላይ። ነገሩ እንደ እድር ነው፦ መሥራቾቹ ሁሉ ተቀብረው ደንቡ በሌሎች ሰዎች እጅ ይሠራል።

ሁሉም እንዲህ አያስብም። ኤድጋር ፍሮዘ በጥር 2015 ሲሞት የመሠረተው የጀርመን ባንድ ታንጀሪን ድሪም እሱ ባዘጋጀው ተተኪ፣ በቶርስተን ክቬሽኒንግ መሪነት፣ በፍሮዘ ሚስትም ድጋፍ ቀጠለ። ልጁ ጀሮም፣ እሱም የቀድሞ አባል፣ ባንዱ ማለት አባቴ ነበር፣ እሱ ከሌለ ባንዱም የለም ብሎ በይፋ ተቃወመ። ልጁን አልፈርድበትም። አልበሞቹን ስሰማ ግን ከክቬሽኒንግ ጋር ነኝ።

አንድ ብቻ የቀረባቸውም አሉ። ሃውክዊንድ በተባለው የእንግሊዝ ባንድ ውስጥ ከ1969 ጀምሮ ሳይወጣ የቆየው በ1941 የተወለደው ዴቭ ብሮክ ብቻ ነው፤ ስሙንም ከቀድሞው የሳክስፎን ተጫዋች ከኒክ ተርነር ጋር እስከ ፍርድ ቤት ሄዶ ተሟግቶበታል። ጠበኛ ነው ይሉታል። ግን በ2023፣ በ2024፣ በ2025 በተከታታይ አዲስ አልበም አወጣ። ይህን ያህል የሚሠራ ሰው ስሙን ቢያንገበግበው አይገርምም።

ትኬት ከመቁረጥ በፊት

ፖስተሩን በጥንቃቄ ማንበብ ግማሽ ሥራ ነው። ከባንዱ ስም በኋላ የአንድ ሰው ስም ከተጨመረ፣ ለምሳሌ «ስታርሺፕ ከሚኪ ቶማስ ጋር»፣ ብዙ ጊዜ በጀርባው የስም ውል አለ ማለት ነው። «የቀድሞ አባል» እና «መሥራች አባል» አንድ አይደሉም፤ የቀድሞ አባል በሰማንያዎቹ ለሁለት ዓመት የገባም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚመቸኝ እንደ ኒክ ሜሰን ያለው ነው። በፒንክ ፍሎይድ አልበሞች ሁሉ ላይ የተጫወተው ድራመር በ2018 ባንድ ሲያቋቁም ፒንክ ፍሎይድ አላለውም፤ የራሱን ስም አስቀድሞ፣ የድሮ አልበማቸውን ርዕስ አስከትሎ፣ የ1972ና ከዚያ በፊት የነበረውን ሙዚቃ ብቻ ይጫወታል። የኛው ኃይሉ መርጊያም እንዲሁ ነው። ዋሊያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ሲመጣ ከፊሎቹ ቀሩ፣ ከፊሎቹ ተመለሱ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነድቶ፣ የድሮ ሥራው በ2013 በድጋሚ ከታተመ በኋላ መድረክ ላይ ሲመለስ የወጣው በራሱ ስም ነው።

የስሙን ባለቤት ማወቅ የሚፈልግ የአሜሪካን የንግድ ምልክት መዝገብ በነጻ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይችላል። የባንዱን ስም ጽፎ ክፍል 41ን ማየት ነው፤ የመድረክ ትርዒት የሚመዘገበው እዚያ ነው። ክፍል 25 የካናቴራ ነው፤ እሱን አይቶ መደናገር የለም። ባለቤቱ ሙዚቀኛ ይሁን ድርጅት፣ ምዝገባው በሥራ ላይ ይሁን የተሰረዘ፣ ሁሉም ተጽፏል።

ክሊኩን ለመያዝ ደግሞ ከአንድ ጉዞ ሁለት ምሽቶች የተቀዱ ቪዲዮዎችን ማግኘትና አንዱን ረጅም ዘፈን ከመጀመሪያው የድራም ምት እስከ መጨረሻው በሰዓት መለካት ነው። በነጻነት የሚጫወት ባንድ በረጅም ዘፈን ላይ ከምሽት ምሽት ርዝመቱ ይለያያል። ሁለቱ በሴኮንድ እኩል ከወጡ ስክሪኑ ነው የሚመራቸው። ለዚህ ከታዳሚው መካከል በስልክ የተቀዳው ይሻላል፤ ባንዱ ራሱ የሚያወጣው የኮንሰርት ቅጂ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የተስተካከለ ስለሆነ ለልኬት አይሆንም።